የሌሊት ወፎች፦ ከፌርፋክስ ጣሪያ እስከ ሸለቆው ድልድይ

ሐሙስ ጠዋት የሐበሻ ሱቆች ከተሰደሩበት ከፌርፋክስ መንገድ የተነሳነው ለጤፍ ነው። ለባሌም፣ ለሠራተኛዬም፣ አብረውኝ ለሚጓዙት ለጋሼ ተሰማም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ውሸት አይደለም፤ ጤፍ አልቆብኝ ነበር። ግን ጤፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋሼ ተሰማ ብቻቸውን ሄደው ድርሻዬን ያመጡልኝ ነበር እንጂ በሰኔ ሙቀት ወገቤን ቫን ላይ አላስቀጠቅጥም።

እውነተኛው ጉዳይ ያለው ከሱቄ በላይ ነው። እኔ ቅመም ነጋዴ ነኝ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ እሸጣለሁ፣ የቀረውን ደግሞ ደንበኛ የጠየቀውን። ከኋላ ትንሽ ዕቃ ቤት አለችኝ። የዚህ አገር ክረምት ወጣ ሲል ከዕቃ ቤቷ ኮርኒስ በላይ የሆነ ነገር ይቧጥጥ ጀመር። አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ አስቀመጥኩ፤ ወጥመዱ የያዘው የራሴን ጣት ነው። አንድ ቀን ምሽት ላይ ቆሻሻ ልጥል ወደ ኋላው መንገድ ስወጣ ግን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ አውራ ጣት ከማታስገባ ስንጥቅ፣ አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ሲወጡ አየኋቸው። የሌሊት ወፎች። ለማታ ሥራ የሚወጡ ሰዎች ይመስላሉ፤ አይጋፉም።

በማግሥቱ መሰላል ተውሼ፣ ወጥተው እስኪያልቁ ጠብቄ፣ ስንጥቁን ተነፍቶ በሚደርቅ ፎም ደፈንኩት። ለጥቂት ሳምንት ጸጥ አለ። ከዚያ በሌላ ስንጥቅ ተመለሱ፤ ያውም በዝተው። ኮርኒሱ ድፍን ነው፣ ወደ ታች የወረደ ነገር የለም። ቢሆንም ዕቃዬን በሙሉ ወደ ፊተኛው ክፍል አዛወርኩና ዕቃ ቤቷን ቆለፍኩ።

ለማን ይነገራል? አከራያችን ስልክ የሚያነሳው ወር ሲጠባ ብቻ ነው። ፌርፋክስ ላይ ደግሞ ወሬ ከአምቡላንስ ይቀድማል። «እትዬ የሺ ሱቅ የሌሊት ወፍ አለ» ከተባለ ጣሪያው ላይ ነው ወይስ በርበሬው ውስጥ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሱቄ በወሬ ይዘጋል። ስለዚህ የመንገዳችንን ሱቅ ሁሉ ለሚጠግነው ለቢንያም አይጥ ነው አልኩት። ሰኞ መጥቶ ስንጥቁን ሁሉ ሊደፍንልኝ ተቀጣጠርን። ቢንያም እጁ የታመነ ነው፤ አፉ ግን በር የለውም።

በመሀሉ ትዝ ያለችኝ ሉፔ ናት። ሉፔ ጤፍ የምትሸጥልን ገበሬ ናት። ባለፈው ስንሄድ የዋልነት ዛፎቿ መሀል ምሰሶ ላይ የተሰቀለ የእንጨት ሳጥን አይቼ ምንድን ነው ብላት «የሌሊት ወፎቼ ቤት» አለችኝ፤ ሰው ላሞቼ እንደሚለው። ሰኞ ሳይደርስ እሷን መጠየቅ ፈለግሁ፤ እንዴት ቢባረሩ ነው የማይመለሱት?

ግሬፕቫይን ድረስ

ጋሼ ተሰማ የግድግዳ ጎረቤቴም ተፎካካሪዬም ናቸው። ድስት፣ ሰፌድ፣ ነጠላ ይሸጣሉ፤ ጤፍ ሁለታችንም እንሸጣለን። እኔ የጤፍ ዋጋ ዝቅ ሳደርግ ከሰዓት በኋላ የእሳቸው መስታወት ላይ አዲስ ወረቀት ይለጠፋል። ሉፔ ግን ከአንድ ፓሌት፣ ከአንድ የእንጨት መደብ ሙሉ ከረጢት፣ በታች አትሸጥም፣ አንድ ፓሌት ደግሞ ለአንድ ሱቅ ይበዛል። ሶ፣ ቫኑ የእሳቸው፣ ቤንዚኑ የእኔ፣ ጤፉ እኩል። እንዲህ ነው የምንስማማው፤ ከዚህ ያለፈ ነገር አናወራም።

ሳይነጋ ተነስተን በ405 አውራ ጎዳና ወጣን፣ ከዚያ 5ን ይዘን ወደ ሰሜን። ጋሼ ተሰማ ድራይቭ ሲያደርጉ መኪናው የተበደሩት ይመስላል፤ የጭነት መኪናዎች ሳይቀሩ ጥሩምባ እየነፉ ያልፉናል። ቫኑ ውስጥ የታመቀ የጭስ ሽታ ነበረ።

«ጋሼ፣ ቫኑ ቀበርቾ ቀበርቾ ይላል» አልኳቸው።

«ለትንኝ ነው።»

«ፌርፋክስ ላይ ትንኝ አለ እንዴ?»

«ካንቺ ሱቅ እየመጣ ነው» አሉና መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

ጋሼ ተሰማ የወንጌል አማኝ ናቸው። ቀበርቾ ደግሞ አገር ቤት ለእባብም፣ ለዓይነ ጥላም የሚጨስ ሥር ነው፤ እኔ ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እኛ ስናጨሰው ባዕድ አምልኮ ነው ይሉ አልነበረም?»

«እናንተ ስታጨሱት አዎ። እኛ ስናጨሰው ለትንኝ ነው።»

ግሬፕቫይን የሚሉት ተራራ አናት ላይ ቤንዚን ለመቅዳት ቆምን። ዋጋው ከከተማው የባሰ ነው፤ አናት ላይ እንዳለህ ያውቃሉ፣ ወዴት ትሄዳለህ። የሐዋርያት ጾም ስለነበር እኔ ከቦርሳዬ ቆሎና ቴምር አወጣሁ። እሳቸው እንቁላልና ሥጋ የተጠቀለለበት ቡሪቶ ገዝተው ከጎኔ ተቀምጠው በሉ፤ ቀስ ብለው፣ በደንብ እያላመጡ።

«ይሸታል?» አሉኝ።

«ይሸታል።»

«ይቅርታ» አሉና ሌላ ጎረሱ።

ሸለቆው

ከተራራው ስትወርድ ምድሩ በአንድ ጊዜ ለጥ ብሎ ይዘረጋል። በስተግራ የነዳጅ መሳቢያዎቹ ለማንም ሳይሆን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በስተቀኝ ወይን ነው፣ ከዚያ ለውዝ፣ ከዚያ ብርቱካን፤ ሁሉም በመስመር የቆመ፣ ከመስመር የወጣ ዛፍ የለም። ቤከርስፊልድን አልፈን በ99 ሽቅብ ስንሄድ የላሞቹ በረት ሽታ ቡሪቶውን አስረሳኝ። መንገድ ዳር አንዲት ሴት ኮክ ስትሸጥ አይተን ቆምን። ሳጥኑን ዐሥር ዶላር አለች። ጋሼ ተሰማ ስምንት አሉ። ዐሥር አለች። ዐሥር ከፈሉ፤ ሲመለሱ «ጥሩ ነጋዴ ናት» አሉኝ።

ሉፔ ጋ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት በር ነበር። የዘንድሮው ጤፍ ገና ከቁርጭምጭሚት አላለፈም፤ የምንጭነው ጎተራ ውስጥ ያለውን የአምናውን ነው። ሉፔ ስልሳዎቹን የጀመረች፣ ሰፊ ባርኔጣ የማታወልቅ፣ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ብዙም የማይሻል ሴት ናት፤ ስለዚህ በደንብ እንግባባለን። ጋሼ ተሰማ ከረጢቶቹን ሲፈትሹ እኔ ክንዷን ይዤ ወደ ዋልነቶቹ ወሰድኳት።

«አንዲት ጓደኛ አለችኝ» አልኳት። «ሱቋ ጣሪያ ላይ የሌሊት ወፍ ገብቶባታል። እንዴት ታባርራቸው?»

ሉፔ ሳጥኑ የተሰቀለበት ምሰሶ ሥር ወስዳ አሳየችኝ። ከታች ክፍት ነው፤ ውስጡ በቀጫጭን ጣውላ ተከፋፍሏል፤ ጣት ብቻ የሚያስገባ ክፍተት። «የሚወዱት ጠባብና ሙቅ ቦታ ነው» አለችኝ። «የዛፍ ቅርፊት ሥር፣ የዘንባባ ደረቅ ቅጠል ውስጥ፣ የድልድይ ስንጥቅ ውስጥ። ያንቺ ጓደኛ ጣሪያ ለእነሱ ጥሩ ድልድይ ነው። ማታ እየወጡ ዛፎቼን የሚበላውን የእሳት እራት ይበሉልኛል።»

«እሺ፣ እንዴት ይወጣሉ?»

«ቀላል ነው። የሚወጡበት ስንጥቅ ላይ ከላይና ከጎን የተያዘ፣ ከታች የተለቀቀ መረብ ትሰቅያለሽ። ተንሸራተው ይወጣሉ፣ ሲመለሱ መግቢያው ይጠፋባቸዋል። ባዶ መሆኑ ሲረጋገጥ ይደፈናል።»

«ጓደኛዬ ሰኞ ልታስደፍነው ነው።»

ሉፔ ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። «የትኛውን ሰኞ? ይሄን? አሁን እኮ ልጆች ወልደዋል። ግልገሎቹ ራቁታቸውን ናቸው፣ አይበርሩም። ከደፈነችው ልጆቹ እዚያው ይሞታሉ። እናቶቹ መውጫ ሲያጡ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሱቅ ውስጥ። በዚህ ስቴት ሕጉም አይፈቅድም። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ትጠብቅ።»

ከበርበሬዬ በላይ፣ ጣሪያው ውስጥ፣ የሚበሰብስ ነገር አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ስለ በርበሬው ሳላስብ ራቁታቸውን ያሉትን ግልገሎች አሰብኩ። ወደ ጎተራው ስንመለስ ጋሼ ተሰማ ሉፔን ትራክተሯን እንድታሳያቸው ጠየቁ። ጋሼ ተሰማ በሕይወታቸው ስለ ትራክተር ጠይቀው አያውቁም። ሄደው ቆዩ። ሲመለሱ ላብ በላብ ሆነው ነው።

ድልድዩ

ጋሼ ተሰማ በጨለማ ተራራ አይነዱም። ጤፉን ጭነን ከተማዋ ዳር ሞቴል ያዝን፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሉፔ መጥታ «ኑ፣ የእኔዎቹ ዘመዶች የሚኖሩበትን ላሳያችሁ» አለችን።

ቦታው የመስኖ ቦይ የሚያቋርጥ የመንገድ ድልድይ ነው። ከላይ መኪና ይሮጣል፣ ማንም ቀና ወይም ዝቅ ብሎ አያይም። ከሥር፣ ሲሚንቶው በተጋጠመበት ረጅም ስንጥቅ ውስጥ፣ የሌሊት ወፎቹ ተጣብቀው ተሰድረዋል፤ ጭርጭር የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሽታው አፍንጫ ይወጋል፣ መሬቱ በጥቁር ፍሬ ፍሬ ኩስ ተሸፍኗል። ሉፔ ከሥሩ እንዳንቆም ከለከለችን። ኩሱ ሲደርቅ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው፤ ቤት ውስጥ ከሆነ ውኃ ረጭቶ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኖ ነው የሚጠረገው አለችን። የወደቀች ብታገኙ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ሰው በተኛበት ክፍል ውስጥ ከተገኘች ደግሞ ንክሻ ባይታይም በቀጥታ ሐኪም ቤት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርባት ይችላል።

«እናንተ አገር አሉ?» አለችን።

«ሞልተዋል» አሏት ጋሼ ተሰማ። «አራዊት ግብር ሲጠይቋት ክንፍ አለኝ አለች። ወፎች ግብር ሲጠይቋት ጥርስ አለኝ አለች። ለማንም ሳትከፍል ይኸው እስከ ዛሬ አለች።»

«ነጋዴ ናት» አልኩ እኔ።

ሉፔ ሳቀች። ያኔ መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ከዚያ አውቶቡስ ተራ በሩ ሲከፈት እንደሚሆነው ሁሉም ባንዴ፤ ግን ማንም ማንንም ሳይገጭ ከቦዩ በላይ ተጠምዝዘው ወደ እርሻዎቹ ሄዱ። ፊታችን ላይ ነፋሳቸው ይሰማ ነበር። የመጨረሻዎቹ እስኪጠፉ በዓይናችን ተከተልናቸው።

ሉፔ ያየችው ግን እኛን ነበር። «የሌሊት ወፍ የገባባቸው ሰዎች ብዙ አይቻለሁ» አለች። «በአንድ ቫን የመጡ፣ ሁለቱም የሌሊት ወፍ የገባባት ጓደኛ ያላቸው ሰዎች ግን ዛሬ ገና ነው ያየሁት።»

ወደ ጋሼ ተሰማ ዞርኩ። እሳቸው ቦዩን ያያሉ።

«ቀበርቾው» አልኳቸው።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ክረምቱ እንደ ወጣ በኔ በኩል አንድም አልነበረም። በድንገት መጡ።»

በድንገት የመጡት እኔ በኔ በኩል ያለውን በፎም ስደፍን ነው። እሳቸው በጭስ አስጨንቀው ሲያስወጧቸው ደግሞ ወደ እኔ ተመለሱ። ስሌቱን ሁለታችንም እኩል ጨረስነው። ሁለት ሱቅ፣ አንድ ጣሪያ፤ ጸደዩን ሙሉ ሳይታወቀን አንዳችን ለአንዳችን የሌሊት ወፍ ስንልክ ከርመናል።

«ካንቺ ነው የመጡት ያልኩሽ እውነቴን ነበር እንዴ!» አሉ። ተሳሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ ተፎካካሪ ሚስጥርህን ሲያውቅ ሳቅ ረጅም አይሄድም። እያንዳንዳችን የሌላውን አንገት የያዝን ያህል ነበር።

«ቅዳሜ እንደገና ላጨስ ነበር» አሉ። «እተወዋለሁ።»

«እኔም የሰኞውን እሰርዛለሁ» አልኩና ቢንያም ጋ ደወልኩ። የመኪናው ድምፅ ስለማያሰማ ስፒከሩ ላይ አደረግሁት።

«ቢኒ፣ የሰኞው ቀጠሮ—»

«የምን ሰኞ፣ እትዬ የሺ? ዛሬ አንድ ሥራ ቀረብኝና ያንቺን ጨረስኩልሽ። አንድ ቀዳዳ የለም። የጋሼ ተሰማንም ጠርዝ በነጻ ደፈንኩላቸው፤ ትንኝ አይገባም።»

በቀን ነው የደፈነው። ሁሉም ውስጥ ናቸው፤ እናትም፣ ግልገልም። እዚህ የወጡበት ሰዓት እዚያም የሚወጡበት ሰዓት ነው። ሉፔ አማርኛ ባትሰማም ፊታችንን አይታ ገባት።

«ክፈተው» አልኩት። «አሁኑኑ።»

«ምኑን? እኔ ዌስትቼስተር ቤቴ ገብቻለሁ። ትራፊኩን ታውቂዋለሽ። አይጥ እኮ ነው፣ እትዬ የሺ፣ ምን ያስቸኩላል? ውስጥ የቀረው እዚያው ይሞታላ።»

ለአይጥ ብሎ ከዌስትቼስተር የሚመለስ ሰው የለም። ቃሉን ማውጣት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሷል፤ ግን ለቢንያም የተነገረ ነገር በቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑን፣ በእሑድ ምግብ ቤቱን ሁሉ እንደሚያዳርስ አውቃለሁ።  ጋሼ ተሰማ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

«ቢንያም፣ ተሰማ ነኝ።»

«ጋሼ? አብራችሁ ናችሁ እንዴ?»

«አይጥ አይደለም፣ የሌሊት ወፍ ነው። የእኔ ናቸው። በጭስ ሳስወጣቸው እሷ ጣሪያ ውስጥ ገቡ። ወልደዋል። መኪናህን አስነሳና ሂድ ክፈትልኝ። ጓንት አድርግ፣ እጅህን ወደ ውስጥ አታስገባ፣ አንዷንም አትንካ። ከፍተህ ውረድ።»

ቢንያም የሰማውን ደገመው።

«የሌሊት ወፍ?»

«አዎ። ለማን ቀድመህ እንደምትነግር እያሰብክ ነው። ክፈትና ከዚያ ንገር።»

ሞቴሉ በር ላይ ወንበር ስበን ኮክ እየበላን ጠበቅን።

«ለምን እንዲያ አሉት?» አልኳቸው።

«አንቺ የምትሸጪው በርበሬ ነው» አሉ። «የእኔ ድስት ነው። ድስት ይታጠባል።»

«ጤፉስ?»

«ጤፉን አስቤበት አልነበረም» አሉና የኮኩን ፍሬ መሶብ ወደሚያክል ቆሻሻ መጣያ ወርውረው ሳቱ።

ቢንያም ሲደውል ያለከልክ ነበር። ፎሙን በቢላዋ ቆርጦ አንስቷል። ከመሰላሉ ሳይወርድ ነው መውጣት የጀመሩት፣ አንዷ ባርኔጣውን ታክካ አልፋለች። «ኧረ ብዙ ናቸው» አለ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ብቻ አልነበረም።

መልስ

አርብ ጠዋት ሉፔ አንድ አሮጌ የሌሊት ወፍ ሳጥን ሰጠችን፤ አዲስ እንጨት አይወዱም አለችን። ተራራውን በጠዋት ስንወጣ ቫኑ ውስጥ ያለወትሯችን ወሬ ነበር። ከረጢቱን ቆጥረን፣ ሳጥኑን የት እንደምንሰቅል ተከራከርን፤ እሳቸው በእኔ በኩል አሉ፣ እኔ በእሳቸው በኩል። በመጨረሻ ፌርፋክስ ገብተን፣ በኋላው መንገድ በኩል ባለው ግድግዳ መሀል ላይ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ፣ ከፍ አድርገን ሰቀልነው። መረቡ የነሐሴ መጨረሻ ላይ ይሰቀላል፤ ቢንያም እኔ እሠራዋለሁ ብሏል። እስከዚያ ዕቃ ቤቴ ተቆልፋ ትከርማለች፣ የእሳቸውም ቀበርቾ ያርፋል።

ከጉዞው የተማርኩት ብዙ አይደለም። ቤትህ የገባ የሌሊት ወፍ ጠላት አይደለም፤ ጠባብና ሙቅ ቦታ ሲፈልግ አንተ ጋ ያገኘ ተከራይ ነው፤ የሚወጣው በጊዜው ነው። ደግሞም ጎረቤትህን ሳትጠይቅ ያባረርከው ነገር ሩቅ አይሄድም። ይህን ለማወቅ እስከ ሸለቆው መንዳት አልነበረብኝም፤ ግድግዳውን ማንኳኳት ይበቃ ነበር።

ቅዳሜ ሱቅ ስከፍት የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ሙሉ ናት፣ ሳንታ ሞኒካ ሆስፒታል የምትሠራው። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ሰማሽ? ጋሼ ተሰማ ሱቅ የሌሊት ወፍ አለ አሉ። ከእንግዲህ ጤፉንም ካንቺ ነው የምወስደው።»

ጤፉ ከጎኔ ነው፣ ሚዛኑም። ግድግዳው ስስ ነው፤ ጋሼ ተሰማ ድስት ሲደረድሩ ይሰማኛል። ሙሉ በዓመት ስንት ኪሎ ጤፍ እንደምትገዛ አላሰብኩም ብል ይህን የሚያነብ ነጋዴ ሁሉ ይስቅብኛል።

«የእሳቸው ብቻ አይደሉም» አልኳት። «ጣሪያው አንድ ነው። ግማሾቹ የእኔ ናቸው፤ እንዲያውም መጀመሪያ ያባረርኳቸው እኔ ነኝ።»

ወደ ኮርኒሱ ቀና አለች። ከዚያ ወደ እኔ።

«ታዲያ አሁን ከማን ልግዛ?»

«ከፈለግሽው። እነሱ ከላይ ናቸው፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይወጣሉ። በርበሬው ከታች ነው፣ ተከድኖ።»

ዓይኗን ወደ ኮርኒሱ መለሰች። «ምሽት ላይ ሲወጡ ይታያሉ?»

«ከኋላው መንገድ። ፀሐይ ስትገባ።»

ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እንግዲያው በርበሬውን መዝኚልኝ» አለች። «ከሥራ ስመለስ ለማየት እመጣለሁ። እስኪወጡ ድረስ ጋሼ ተሰማ ጋ ገብቼ ድስት አያለሁ።»